ሣር የማይግጥ ፈረስ

ጋሼ ደምሌ መሞታቸውን የነገረኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ። እኔ ወረታ ሩዝ መፈልፈያው ደጅ ላይ ጆንያ ተሸክሜያለሁ።

«ሽባባው! ያ ሳይክል ሠሪው ሰውዬ ሞቱ አሉ!»

«ማን አለ?»

«አሉ ነው የምልህ። እላይ አገራቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ነው የምትነግረኝ? ስትበር የምትውለው ምን ልትሠራ ነው?»

«ምነው፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኳቸው?» አለና ጋዙን ረግጦ ሄደ።

እሱ አልገደላቸውም። እኔም አልገደልኳቸውም፣ ሕመም ነው የገደላቸው። ግን የእሳቸውን ስም ከመሞታቸው በፊት የቀበርኩት እኔ ነኝ። ይህን ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ የቀረሁ መሰለኝ።

ወረታ ውስጥ ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ ጋሼ ደምሌን ያውቃቸዋል። ሱቃቸው ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው አስፋልት ዳር ያለች ቆርቆሮ ነበረች። ብሎን በከንፈራቸው ይዘው ነበር የሚያወሩት። አዲስ ደንበኛ ምን እንዳሉት አይገባውም፤ እኔ ነበርኩ የምተረጉምለት። ሳይክል ሠርተው ሲጨርሱ የፊቱን ጎማ ከፍ አድርገው ያሽከረክሩታል፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል፣ ከዚያ ፍሬኑን ቀጭ ያደርጉታል። ጎማው ወዲያው ካልቆመ ሳይክሉ አይወጣም። ከቆመ ኮርቻውን ሁለቴ መታ መታ አድርገው «በል ሂድ» ይላሉ። ለባለቤቱ ይሁን ለሳይክሉ አይታወቅም።

እኛ የፎገራ ልጆች ፍሬን አንወድም። አገራችን ሜዳ ነው። ክረምት ሲሆን ጥቁሩ ጭቃ ፍሬኑና ጎማው መሀል ይገባና ሳይክሉ አልሄድ ይላል፣ ስለዚህ ፈትተን እንጥለዋለን። ማቆም የፈለገ ጫማውን ጎማው ላይ ይጫናል፣ አለቀ። የአንድ እግሩ ጫማ ብቻ የተበላ ሰው ካያችሁ የእኛ አገር ሰው ነው። ጋሼ ደምሌ ግን የተወለዱት እላይ ነው፣ ከአመድ በር አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ሳይደርሱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለ መንደር። ፍሬኑን ይፍቱልኝ ብሎ የመጣውን ሰው ሳይክሉን ይዞ እንዲሄድ ነበር የሚያደርጉት።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ለራሱ ነው የሚነዳው» እላቸዋለሁ።

«ዳገት ጉልበት ይወስዳል። ቁልቁለት ግን ሰው ይወስዳል» ይላሉ።

«የት አለና እዚህ ቁልቁለት?»

«ሳይክል ባለበት አይቆምም፣ ሞኝ። መንገዱ የት የት እንደሚሄድ አታይም?»

እኔ ስምንተኛ ላይ ነው ትምህርቴን ያቆምኩት፤ ከአስተማሪ ጋር ተጣልቼ። ከዚያ ከሁለት አሠሪ ጋር ተጣላሁ። ከጋሼ ደምሌ ጋር አራት ዓመት የሠራሁት እሳቸው ስለማይጣሉ ነው። ስጮህባቸው ብሎኑን ከከንፈራቸው አውጥተው ይሰጡኝና «እሰርና ጩህ» ይሉኛል። እያሰሩ መጮህ አይቻልም፤ ሞክሩት።

በዓመት አንድ ቀን፣ ውሃው ከሜዳው ሲጎድል፣ ሱቁን ለእኔ ይተዉና በዚያ ጥቁር የቻይና ሳይክላቸው ለብቻቸው አገራቸው ይወጣሉ። ማርሽ የለውም፣ ብረቱ እንደ በሬ ይከብዳል፣ እሳቸው ስልሳ አልፏቸዋል። ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። መኪና ከኋላ መያዝ የለም። እኛ ጎረምሶቹ ዳገት ስንወጣ የጭነት መኪና ኋላውን ይዘን ነው የምንጎተተው። እሳቸው ግን «ሳይክል ሰው ይሸከማል እንጂ መኪና ሳይክል አይሸከምም» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አብሬዎት ልምጣ አልኳቸው።

«አይሆንም። ዳገት ለብቻ ነው» አሉኝ። «ሁለት ከሆንን እሽቅድምድም ይመጣል። ተሽቀዳድሞ የወጣ ሰው ሲወርድም ይሽቀዳደማል።»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ብዘገየው ደስ ይለኝ ነበር።

ሁሴን የሚባል የእኔ እኩያ አለ፤ አባቱ ሐጂ ኢብራሂም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ሳይክሉን አምጥቶ ትቶልኝ ሄደ። የኋላው ጎማ ቸርኬ ተጣሞ ፍሬኑን እየነካ ይዞራል። ጋሼ ደምሌ ያን ቀን ቀብር ሄደዋል። ቸርኬ ማቃናት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ ርቦኛል። ፍሬኑን ፈታሁት። ሲነካው የነበረው ነገር ሲነሳ ጎማው ቀጥ ብሎ ዞረ። የፊቱ ፍሬን ድሮም አልነበረውም። ማታ ሁሴን ሊወስደው ሲመጣ ምንም አልነገርኩትም። «ተሠርቷል» አልኩት፤ ጋሼ የሠሩት መሰለው። ሜዳ ላይ ማን ፍሬን ይይዛል?

እሱ ግን ሜዳ ላይ አልቀረም። ጨርቅ ጭኖ ዳገቱ ሥር ካለችው ከዓለም በር ከተማ በላይ ወዳለ ገበያ ሄደ። ሲመለስ ቁልቁለቱ ያዘው። በጫማው ሊያቆም ሞከረ፣ ጫማው ተበጠሰ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ውስጥ ገባ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ሐጂ የመጡት በገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ በሰው ጢም ብሎ። የሳይክሉን ፍርስራሽ ሱቃችን ደጅ ላይ ወረወሩት።

«አንተ ሰው! ልጄን በብረት ልትገድልብኝ ነው? ፍሬን ፈትተህ ነው ለልጅ የምትሰጠው? እጅህ ይድረቅ!»

አንተ ነበር ያሏቸው፣ አንቱ ሲሏቸው ኖረው። ጋሼ ደምሌ ብሎኑን ከከንፈራቸው አወጡ። ሳይክሉን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ገባቸው። መፍቻው በእጄ ነበር። እኔ፣ ለትራፊክ መልስ የማላጣው፣ ለቄስ እንኳ የምመልሰው ሰው፣ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ።

«ከሱቄ የወጣ ከእጄ የወጣ ነው፣ ሐጂ» አሉ። «ይቅር ይበሉኝ።»

በቃ። ዋሹ አይባልም። ግን ገበያው ሁሉ እሳቸው ናቸው የፈቱት ብሎ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ፍሬን ፈቺው» ተባሉ፤ በሕይወታቸው አንድ ፍሬን ፈትተው የማያውቁት ሰው። ደንበኛ ሸሸ። እሳቸው በየሳምንቱ ሁሴን ቤት እየሄዱ ይጠይቁት ነበር፣ ሐጂ ፊታቸውን እያዞሩባቸው። አንዱ ጎረምሳ «ፍሬን ፈቺው አሉ?» ብሎ ሱቁ ደጅ ላይ ሲቀልድ በጥፊ አልኩት። በጥፊ ማለቱን አወቅሁበት፤ መናገሩን ነው ያቃተኝ።

አንድ ቀን እንደዚያ ውስጤ ሲቃጠል በእሳቸው ላይ ወጣ።

«ማን ይሸፍኑልኝ አለዎት? ማን ለመነዎት? እርስዎ ጻድቅ ሊሆኑ እኔን ሌባ ያደርጉኛል?»

«አፍህ ሲደርስ አንተው ትናገራለህ» አሉኝ። «እሰርና ጩህ» አላሉኝም። ያኔ ቢሉኝ ደግ ነበር።

ጥዬ ወጣሁ። ሩዝ መፈልፈያው ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ። ከወራት በኋላ ታመው ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ጋር በመኪና አገራቸው ወጡ። አልሄድኩም። ነገ እሄዳለሁ ስል ነው ባጃጁ የመጣው።

ወር ሲያልፍ እትዬ የሺ ደወሉ።

«ሽባባው፣ የሱቁ ቁልፍ አንተ ጋ ነው አይደል?»

«እኔ ጋ ነው፣ እትዬ።» ጋሼን ጥዬ ስወጣ ቁልፉን መልስ አላሉኝም ነበር።

«በቀብሩ ቀን ፈረሱ አልዞረለትም። ለአርባው ሳይክሉን በመኪና ጫንና ላክልኝ።»

እዚያ አገር ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፣ ጋቢው ይደረግበትና በለቅሶው መሀል ይዞራል። ጋሼ ደምሌ ፈረስ አልነበራቸውም።

«በመኪና አይወጣም፣ እትዬ» አልኳቸው። «እኔ እየነዳሁ አመጣዋለሁ።»

«አንተ? በዚያ ዳገት?» ሳቅም ለቅሶም የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። «እንግዲህ እንደ ጉልበትህ።»

አርባቸው ትናንት ነበር። ለአርባው የሚሰበሰበው ሰው ፊት የፈታሁት እኔ ነኝ ልል ቆርጬ ነው የተነሣሁት። ሱቁን ስከፍት ሸረሪት ድር ሠርቷል፣ ሳይክላቸው ግን ቆሞ ነው የጠበቀኝ። ጎማውን ነፋሁ፣ ከፍ አድርጌ አሽከረከርኩት፣ ፍሬኑን ቀጭ አደረግሁት። ቆመ። የሞተ ሰው ያሰረው ፍሬን ወር ከምናምን አልፎት ቀጭ ብሎ ቆመ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ።

እስከ ዓለም በር ቀላል ነው። ሩዙ መብሰል ጀምሯል፣ ከብቱ በውሃ ዳር ተበትኗል፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው። ኬላው ላይ ያስቆመኝ ልጅ መታወቂያዬን አይቶ «የት ነው በዚህ ቅርስ?» አለኝ። ለቅሶ አልኩት። «እስክትደርስ ሰውየው ይነሣል» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ትናንት አፌን ለሌላ ነገር ነበር የምቆጥበው።

ዓለም በር ላይ ዳቦ በሻይ በላሁ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ።

ዳገት ላይ ሰው የሚያስበው ስለ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ስለ ጉልበቱ ነው። ስለ ኮርቻው ነው። ተቀምጬ አልሆነም፣ ቆሜ ፔዳሉን በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። ሳይክሉ ይንቋረራል፣ እኔም። ሁሴን የወደቀበት ቱቦ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ጠርዙ ላይ ድንጋዩ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ በዚያ ሳልፍ መኪና ውስጥ ሆኜ ፊቴን ነበር የማዞረው። ትናንት ግን አየሁት። ጥልቀቱ እስከ ደረቴ ነው።

ከዚያ በላይ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ባሕር ዛፉ ይበዛል፣ አየሩም ይሳሳል። አንድ አይሱዙ ጆንያ ጭኖ እያቃሰተ አጠገቤ ደረሰ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ ይጮሃል።

«አያ ፈረሰኛው! ኧረ ያዝ፣ ከኋላ ያዝ! ልትሞት ነው እኮ!»

እጄ ሄደ። እኔ አልላክሁትም፣ እጄ ነው የሄደው፤ ስንት ዓመት የለመደው ነው። የመኪናውን ኋላ ያዝኩና ሳይክሉ ቀለለ። እግሬ አረፈ። እንዴት እንደሚጣፍጥ! አንድ ጥምዝ ያህል ተጎተትኩ። ከዚያ ታወቀኝ። ይሄ ሳይክል እኮ ተጎትቶ አያውቅም። የሰውየውን ስም አጠፋሁ፣ አሁን ደግሞ ሳይክላቸውን ላባልግ ነው?

ለቀቅሁት።

«ምን ሆንክ? ደከመህ እንዴ ከመያዝ?» እያለ ረዳቱ እየሳቀብኝ ሄደ።

እኔ ግን ወደ ላይ አልቀጠልኩም። ሳይክሉን አዞርኩና እስከያዝኩበት ቦታ ድረስ ተመልሼ ወረድኩ። የቦታው ምልክት አንድ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው። ከእሱ ጀምሬ እንደገና ወጣሁት። እንጨት የተሸከሙ ሴትዮ ስወጣ አይተውኛል፣ ስወርድ አይተውኛል፣ እንደገና ስወጣ አዩኝ።

«ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?»

«አግኝቼዋለሁ፣ እናቴ።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ታዲያ ዐይንህ ምነው ቀላ?»

ላብ ነው አልኳቸው። ላብም ነበረው።

ሁለት ቦታ ወርጄ ገፋሁ፣ አልዋሽም። አንዱ አመድ በርን ሳልፍ ነው። ግን መግፋት መጎተት አይደለም። እሳቸውም እንደሚገፉ ነግረውኛል። «የወለደችኝ እናቴ ጋ በእግሬ ብሄድ ምን ነውር አለው?» ነበር ያሉት።

ስድስት ሰዓት ሲል ዳሱ ታየኝ። የጉና ተራራ ከኋላው ደመና ለብሶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ያዩት እኔን አይደለም፣ ሳይክሉን ነው። አንዷ ሴት እሪ አለች፣ ከዚያ ሁሉም ተነሡ። እትዬ የሺ መጡ። የጋሼ ደምሌን ጋቢ ኮርቻው ላይ አለበሱት፣ ባርኔጣቸውን መሪው ላይ አደረጉት፣ ብሎን የሚይዙበትን ከረጢት ጎኑ ላይ አሰሩለት። እኔን መሪውን አስያዙኝና «ሳብ» አሉኝ። በለቅሶው መሀል አዞርኩት። አልቃሿ ተቀበለች፦

«ገብስ የማይለምን፣ ሣር የማይግጥ፣
ፈረስህ መጣልህ ዳገት ሲቧጥጥ።»

ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም። ሲበቃ መሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር አለኝ። ሰው እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። የሁሴንን ፍሬን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጋሼ አይደሉም። እኔ ነኝ፣ ዝምም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሊረግሙኝ፣ ሊያባርሩኝ ተዘጋጅቻለሁ። እትዬ የሺ በነጠላቸው ዐይናቸውን ጠረጉ።

«ይህን ልትነግረን ነው እንዲህ የደከምክ?» አሉ። «እዚህ ያለነውማ እናውቃለን። ደምሌ ነግሮን አይደለም፤ ደምሌን ስለምናውቀው ነው። የአህያ ጋሪ እንኳ ያለ ማቆሚያ የማይለቅ የነበረ ሰው ፍሬን ሊፈታ?» ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ሜዳው ጠቆሙ። «ስሙ የተበላሸው እዚያ ነው። የማያውቁት እነዚያ ናቸው። ለእኛ ምን ትነግረናለህ?»

ብላ አሉኝ፣ በላሁ። ለሙታን የተዘጋጀ ነው፣ አልበላም አይባልም። ሳይክሉን እዚያው ልተው ስል እትዬ የሺ ጋቢውንና ባርኔጣውን ብቻ አነሡ።

«እኔ ምን አደርገዋለሁ፣ እንቁላል አይጥል! ውሰደው። ለብቻህ እንደወጣህ ለብቻህ ውረድ።» ኮርቻውን ሁለቴ መታ መታ አደረጉት፣ ልክ እንደ ጋሼ። «ስትወርድ ግን ፍሬኑን ያዝ፣ ሞኝ።»

ያዝኩት። ከላይ እስከ ታች ያዝኩት። ሳይክሉ ልሩጥ ይላል፣ እኔ አይሆንም እላለሁ። መዳፌ ቀላ፣ የፍሬኑ ላስቲክ ተቃጥሎ ሸተተ፣ ጎረምሶች በሳይክል ሽው ብለው አለፉኝ፤ አንዱ «አባባ፣ ይውረዱና ይግፉ!» አለኝ። ቱቦው ጋ ስደርስ ሳይክሉን አቆምኩት። ያለ ችግር ቆመ። ፍሬኑን ባልፈታው ለሁሴንም እንዲህ ይቆምለት ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረታ ገባሁ። ቤቴ አልሄድኩም፤ ቤቴ ብገባ እንደማልወጣ አውቃለሁ። ቀጥታ ሐጂ ሱቅ። ሁሴን ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጨርቅ ይለካል። ሐጂ የሱቁን መዝጊያ እያዘጋጁ ነው። ሳይክሉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«የማን ነው ይሄ?»

«የጋሼ ደምሌ ነው፣ ሐጂ። ዙሪያ ጥምጥም አላወራም። የሁሴንን ፍሬን የፈታሁት እኔ ነኝ። ርቦኝ ነበር፣ ቸርኬ ለማቃናት ሰነፍኩ። እሳቸው ቀብር ነበሩ። እርስዎ ሲሰድቧቸው መፍቻው በእጄ ነበር።»

ሜትሩ ከሁሴን እጅ ወደቀ። ሐጂ መዝጊያውን ትተው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«በየሳምንቱ ይመጡ ነበር» አሉ። «ፊቴን አዙሬ ነው የሸኘኋቸው። አንድ ቀን እንኳ ሻይ አላልኳቸውም።»

«ሐጂ፣ ይምቱኝ ከፈለጉ።»

«ብመታህ ለማን ይጠቅማል? አንተን ይቅር ማለት የሁሴን ነው። እግሩ የሱ ነው።»

ሁሴን አየኝ። «ዛሬ አትጠይቀኝ» አለ። «ዛሬ አልችልም።»

እሺ አልኩት።

ሐጂ ተነሡ። ሳይክሉ ጋ መጡ፣ ፍሬኑን በእጃቸው ጨበጡት፣ ለቀቁት፣ እንደገና ጨበጡት። «እኔ የሰደብኳቸው በገበያ ቀን ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል። አንተም የምትናገረው በገበያ ቀን ነው፤ እዚያው ሱቃቸው ደጅ ላይ። እኔም አጠገብህ እቆማለሁ። እጅህ ይድረቅ ያልኩትን ማንሣት አለብኝ።»

ይህ ትናንት ነው። ዛሬ ሥራ አልሄድኩም፤ ጭኔም እሺ አላለኝ። የሱቁን ቆርቆሮ አጠብኩ፣ ሳይክሉን ደጅ ላይ አቆምኩት፣ የተቃጠለውን የፍሬን ላስቲክ ቀየርኩለት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ፣ ነገ ሰው ሲከበኝ ከአፌ የሚወጣው ቃል እንዳይጠፋኝ።

ነገ ገበያ ነው። አፌ ደርሷል።